በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ እንዳይቆጠር
ስለ አሮጌ ልብ ወለዶችና ስለ አንደኛ እትም

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ስለ ታክስ፣ ስለ ታክሲ ኢንሹራንስና ስለ መኖሪያ ወረቀት ነው። ዛሬ ግን «ይህ ደግሞ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚያሰኝ ርዕስ ይዤ ቀርቤአለሁ። ርዕሱ በየሱቃችን ጥግ በካርቶን ተጭነው አቧራ የሚጠጡት አሮጌ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ናቸው።

እንደሚታወቀው ያገለገሉ ዕቃዎችን የሚሸጡ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ግሮሰሪ ያላቸውም ቢሆኑ በር አጠገብ «አንዱ በአንድ ዶላር» የሚል ካርቶን ማስቀመጥ ለምደዋል። ባለታክሲዎችም ቅዳሜ ጧት በየሠፈሩ ሲዘዋወሩ የያርድ ሴልና የእስቴት ሴል ማስታወቂያዎችን ከማንም ቀድመው ያያሉ። የታክሲ ሥራ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። በ2014 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ የነበረው የኒው ዮርክ የታክሲ ሜዳሊያን በ2018 ከ200 ሺህ ዶላር በታች እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር። ስለሆነም ብዙ ሰው የጎን ሥራ ቢፈልግ አይፈረድበትም። «አሮጌ መጽሐፍ ወርቅ ነው» የሚለው ወሬም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ወሬው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሁለቱን የሚለየው ደግሞ ከርዕሱ ጀርባ ያለው አንድ ገጽ ነው። ያንን ገጽ ማንበብ የማያውቅ ነጋዴ በሁለት መንገድ ይከስራል። አንደኛው ሺህ ዶላር የሚያወጣውን በአንድ ዶላር ይሸጣል። ሁለተኛው አምስት ዶላር የማያወጣውን «አንደኛ እትም ነው» ተብሎ በሦስት መቶ ይገዛል። የመጀመሪያው ኪሳራ አይታይምና አያምም፤ ሁለተኛው ግን ከኪስ የሚወጣ ስለሆነ የቤት ኪራይን ይነካል። በመሆኑም ዕውቀቱ የሚያስፈልገን ለመክበር ብቻ ሳይሆን ላለመታለል ነው።

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። አሳታሚ «እትም» ሲል አንድ ጊዜ ከተለቀመው ፊደል የሚታተመውን ሁሉ ማለቱ ነው። በዚህ አነጋገር አንድ መጽሐፍ ሃያ ጊዜ ማተሚያ ቤት ቢገባም አንደኛ እትም ሊባል ይችላል። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ግን ከዚህ የጠበበ ነው። እነሱ የሚሹት የአንደኛውን እትም የመጀመሪያ ኅትመት፣ ማለትም መጽሐፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማተሚያው ሲወጣ በአንድ ዙር የተሠራውን ብቻ ነው። ይህ ዙር ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም አሳታሚው ደራሲው ይነበብ አይነበብ ገና አያውቅም። ደራሲው ታዋቂ ሲሆን ፈላጊው በዝቶ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ግን እዚያው ቁጥራቸው ላይ ይቆማሉ። ዋጋውም የሚመጣው ከዚህ እንጂ ከመጽሐፉ እርጅና አይደለም። መቶ ዓመት የሞላው ነገር ግን ማንም የማይፈልገው መጽሐፍ ከማገዶ አይሻልም።

አሁን ወደ ገጹ እንሂድ። የርዕሱን ገጽ ሲገልጡ ከጀርባው የኮፒራይት ገጽ ይገኛል። ከ1970ዎቹ ወዲህ በታተሙ አብዛኞቹ የአሜሪካ መጻሕፍት ከዚህ ገጽ ታችኛው ክፍል ላይ የቁጥሮች ረድፍ አለ። አንዳንዱ ከ1 እስከ 10 ይደረደራል፤ አንዳንዱ ከ10 ወደ 1 ይወርዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ 1 3 5 7 9 10 8 6 4 2 ተብሎ ይጻፋል። አደራደሩ አያሳስብዎ። የሚፈልጉት ከረድፉ ውስጥ ትንሹን ቁጥር ነው። 1 ካለ የመጀመሪያ ኅትመት ነው፤ ትንሹ 4 ከሆነ አራተኛ ኅትመት ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ መጽሐፉ እንደገና በታተመ ቁጥር አታሚው አዲስ ገጽ ከማዘጋጀት ይልቅ የፊተኛውን ቁጥር ብቻ ይፍቀዋል።

ይህ ሲባል ግን ሕጉ የማይሠራባቸው ቤቶች አሉ። ዋናው ራንደም ሃውስ ነው። ይህ አሳታሚ ለብዙ ዓመታት፣ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ፣ በመጀመሪያው ኅትመት ላይ «ፈርስት ኤዲሽን» የሚለውን ጽሑፍ አኑሮ ረድፉን ግን ከ2 ይጀምር ነበር። ለሁለተኛው ኅትመት ጽሑፉን ያነሳና 2 ቁጥርን ይተዋል። በ1985 የወጣው የኮርማክ ማካርቲ «ብለድ ሜሪዲያን» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መጽሐፉ በወጣበት ጊዜ እምብዛም አልተሸጠም፤ ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። የመጀመሪያው ኅትመት «ፈርስት ኤዲሽን» ከሚለው ጽሑፍ ጋር ከ9 እስከ 2 የሚወርዱ ቁጥሮች አሉት፤ 1 የለውም። እንግዲህ «1 ከሌለ ይጣል» ብሎ በጅምላ የተማረ ሰው ይህን መጽሐፍ በአንድ ዶላር ካርቶን ውስጥ ይጥለዋል ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ!

ሌሎቹም የየራሳቸው ልማድ አላቸው። ክኖፍ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «ፈርስት ኤዲሽን» ብሎ በግልጽ ይጽፋል። በ1987 የታተመው የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» በዚህ ይታወቃል። ስክሪብነርስ ከ1930 እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ምንም ቃል ሳይጽፍ ኤ የምትባለውን አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ያሳርፍ ነበር። በ1952 የወጣው የሄሚንግዌይ «ዘ ኦልድ ማን ኤንድ ዘ ሲ» የመጀመሪያ ኅትመት የሚለየው በዚያች ፊደል ነው። እንግሊዞቹ ደግሞ «ፈርስት ፐብሊሽድ» ብለው ዓመቱን ይጽፋሉ፤ ከሥሩ ስለ ሌላ ኅትመት የሚናገር መስመር ከሌለ ተስፋ አለው። የናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» በ1958 ለንደን ውስጥ በሃይነማን በዚህ ዓይነት ወጥቷል፤ የመጀመሪያው ዙር 2,000 ቅጂ ነበር። በየቤቱ የምናየው ስስ ሽፋን ያለው ቅጂ ግን ከ1962 ወዲህ በአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ የወጣው ወይም ከዚያም በኋላ የታተመው ነው። መጽሐፉ አንድ ነው፤ ዋጋው ግን አይገናኝም።

አንዳንድ ጊዜ ገጹ ራሱ ዝም ይላል። በ1925 የታተመው የፊትዝጀራልድ «ዘ ግሬት ጋትስቢ» የመጀመሪያ ኅትመት መሆኑን የሚናገር ምልክት የለውም። የሚታወቀው በስህተቱ ነው። በገጽ 205 ላይ አንድ ተያይዞ መጻፍ የነበረበት ቃል ተሰባብሮ «ሲክ ኢን ታየርድ» ተብሎ ታትሟል። በዚያው ዓመት በወጣው ሁለተኛ ኅትመት ታርሟል። በ1997 የታተመው የመጀመሪያው የእንግሊዝ «ሃሪ ፖተር» ደግሞ ከ10 እስከ 1 የሚወርድ ረድፍ አለው፤ የኮፒራይቱ ባለቤትም «ጆአን ራውሊንግ» ተብላ በሙሉ ስሟ ተጽፋለች፤ በገጽ 53 ባለው የዕቃ ዝርዝር ውስጥም «1 ዋንድ» የሚለው ሁለት ጊዜ ይገኛል። የታተመው ጠንካራ ሽፋን 500 ብቻ ሲሆን 300 ያህሉ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዷል። አንዱ ቅጂ በታኅሣሥ 2021 ዳላስ በሚገኘው ሄሪቴጅ ጨረታ ቤት በ471,000 ዶላር ተሸጧል። ይህን ሰምተው የልጅዎን «ሃሪ ፖተር» ከመደርደሪያ ለማውረድ እንዳይሮጡ! አሜሪካ ውስጥ የምናገኘው በ1998 በሌላ ርዕስ የወጣው ነው።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ እንምጣ፤ የኔም ዋና ስጋት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ወጥመድ የመጽሐፍ ክበብ ቅጂ ነው። ቡክ ኦፍ ዘ መንዝ ክለብ በ1926፣ ሊተራሪ ጊልድ በ1927 ተቋቁመው ለአባሎቻቸው በረከሰ ዋጋ በብዛት እያሳተሙ በፖስታ ይልኩ ነበር። በየእስቴት ሴሉ የምናገኘው ካርቶን ግማሹ የእነሱ ነው። አንዳንዶቹ የኮፒራይቱን ገጽ ከነ«ፈርስት ኤዲሽን» ጽሑፉ እንዳለ ስለሚገለብጡ ገጹን ብቻ ያየ ሰው ይታለላል። ስለሆነም ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። መጽሐፉን የሚያለብሰው ተነቃይ ወረቀት፣ ማለትም ጃኬቱ፣ ወደ ውስጥ በሚታጠፈው ጫፍ ላይ ዋጋ አለው ወይ? ከክበብ የመጣ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ አይጻፍበትም። ሁለተኛ፣ ጃኬቱን ያውልቁና የኋላውን ሽፋን ታችኛ ቀኝ ጥግ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነጥብ ወይም አራት ማዕዘን ካለ የክበብ ነው። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ይሳሳል፤ መጽሐፉም ቀለል ይላል።

የስቲቨን ኪንግን የመጀመሪያ ልብ ወለድ «ካሪ»ን ብንወስድ፣ በ1974 በደብልዴይ የታተመው እውነተኛው የመጀመሪያ ኅትመት «ፈርስት ኤዲሽን» ከማለቱም በላይ በገጽ 199 ከመስፊያው አጠገብ «ፒ 6» የሚል ጥቃቅን ምልክት አለው። የክበቡን ቅጂ እንደ ዋናው አድርጎ የሚሸጥልዎ ሰው ስለዚህች ምልክት አይነግርዎትም። እርስዎ ግን ከጠየቁት ፊቱ ይናገራል።

ሁለተኛው ወጥመድ አምሳያ ቅጂ ነው። ፈርስት ኤዲሽን ላይብረሪ የተባለ ድርጅት የታወቁ ልብ ወለዶችን የመጀመሪያ እትም ከነጃኬቱ አስመስሎ፣ ሳይደብቅ፣ ለጌጥ አሳትሟል። ሳጥኑ ሲጠፋና መጽሐፉ ሦስት አራት ሰው እጅ ሲገባ ግን ነገሩ ይደበላለቃል። በቆዳ ተለብጠው ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባ ቅጂዎችም ዓይን ይማርካሉ እንጂ አብዛኞቹ የመጀመሪያ ኅትመት አይደሉም። ሦስተኛው ወጥመድ ፊርማ ነው። ማንኛውም ሰው እስክሪብቶ አለውና፣ ፊርማው ከየት እንደመጣ ማስረጃ ካልቀረበ በስተቀር ለፊርማው ብሎ አንድ ሳንቲም መጨመር አይገባም።

ስለ ጃኬቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ወገኖቻችን የተቀደደ ወረቀት መስሏቸው አውልቀው ይጥሉታልና። በዘመናዊ ልብ ወለድ ንግድ ውስጥ ከመጽሐፉ ዋጋ የሚበዛውን የሚይዘው ይህ ወረቀት ነው። የ1925ቱ «ጋትስቢ» ያለ ጃኬት በጥቂት ሺህ ዶላር የሚሸጥ ሲሆን፣ ጥሩ ጃኬት ያለው ግን በጨረታ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣበት ጊዜ አለ። በ1951 በታተመው የሳሊንጀር «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» ጃኬት ጀርባ ላይ የደራሲው ትልቅ ፎቶግራፍ ነበረ፤ ደራሲው ስላልወደደው ከሦስተኛው ኅትመት ጀምሮ ተነስቷል። እንግዲህ ፎቶ መኖሩና አለመኖሩ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጃኬቱን አይጣሉ፤ በፕላስተርም አይለጥፉ፤ የዋጋ ተለጣፊም በላዩ ላይ አይምቱ። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም፣ በገጾቹ ጠርዝ ላይ በቀለም የተሰመረ መስመርና የውኃ ነጠብጣብም ዋጋውን ክፉኛ ይቀንሳሉ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሰው «እሸጣለሁ» ብሎ የሰቀለውን ዋጋ አይመኑ። አንድ ሰው አንድ ሺህ ዶላር ስለጠየቀ መጽሐፉ አንድ ሺህ አያወጣም። የሚጠቅመው በእርግጥ ተሸጦ ገንዘብ የተከፈለበት ዋጋ ነው። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ለይቶ ማየት ይቻላል፤ የጨረታ ቤቶችም ውጤታቸውን ያወጣሉ። ታክሲ ተራ ሲጠብቁ በእጅ ስልክ ይህን ማየት አሥር ደቂቃ አይወስድም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ መልካም ዜና አለ። ሱፓፕ ኪርትሳንግ የተባለ ከታይላንድ የመጣ ተማሪ ዘመዶቹ በአገሩ በርካሽ የገዙለትን የመማሪያ መጻሕፍት እያስመጣ አሜሪካ ውስጥ በመሸጡ አሳታሚው ጆን ዋይሊ ከሶት ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2013 በ6 ለ3 ድምፅ ለተማሪው ፈረደለት። በሕጋዊ መንገድ ውጭ አገር ታትሞ የተገዛን መጽሐፍ ባለቤቱ እዚህ መልሶ መሸጥ ይችላል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከናይሮቢ ወይም ከለንደን መጽሐፍ ለሚያስመጣ ስደተኛ ነጋዴ ይህ ፍርድ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፍ መነገድም ንግድ ነው። ትርፉ ለታክስ መነገር አለበት፤ የገዙበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ፤ ያገለገለ ዕቃ ለመነገድ ልዩ ፈቃድ የሚጠይቁ ከተሞች ስላሉም የከተማዎን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በተማሪ ቪዛ ያሉ ወጣቶች ደግሞ አዘውትሮ መሸጥ ያልተፈቀደ ሥራ ሆኖ ሊቆጠርባቸው ስለሚችል ከመጀመራቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ከሕጉ በላይ ደግሞ ሕሊና አለ። አንዳንዶች «ሻጩ ካላወቀ የራሱ ጉዳይ ነው» ይላሉ። ዋጋ ተለጥፎበት የቀረበን መጽሐፍ በተለጠፈው ዋጋ መግዛት ነውር የለበትም። ነገር ግን ባሏ የሞተባት አሮጊት ካርቶኗን ይዛ ሱቅዎ መጥታ «ስንት ያወጣል ልጄ?» ብላ ከጠየቀችዎ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ እርስዎ ገዢ ብቻ ሳይሆኑ የታመኑ ገማች ሆነዋል። እውነቱን ይንገሯት፤ ከዚያም ትርፍዎን አስበው ተገቢውን ዋጋ ያቅርቡ። አንዴ አታሎ የሚገኝ ትርፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ «ያ ሐበሻ ሐቀኛ ነው» የተባለ ሱቅ ግን የሠፈሩ ካርቶን ሁሉ ይመጣለታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።

በመጨረሻም ስለራሳችን መጻሕፍት ሳላነሳ ላልፍ አልችልም። የዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልብ ወለድ «ዘ ቢውቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» በ2007 በሪቨርሄድ ሲታተም ዋና ገጸ ባሕርዩ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ግሮሰሪ የሚነግድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ነው፤ የእኛው ሰው! እንግሊዝ ውስጥ በዚያው ዓመት «ችልድረን ኦፍ ዘ ሬቮሉሽን» በሚል ሌላ ርዕስ ወጥቶ የጋርዲያንን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። በ2019 በኖርተን የታተመው የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል። ሁለቱም ቤታችን ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉ ናቸውና ከጀርባው ያለውን የቁጥር ረድፍ ይመልከቱ።

የአማርኛዎቹ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። በሻንጣ ይዘናቸው የመጣናቸውን ወይም ከአባቶቻችን የወረስናቸውን መጻሕፍት ልጆቻችን ማንበብ ስላልቻሉ ብቻ ለቆሻሻ መኪና የሚሰጡ ቤተሰቦች አሉ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር 1965 መጨረሻና 1966 መሆኑን የማያውቅ የውጭ ነጋዴ መጽሐፉን ከአቼቤ ጋር እኩዮች አድርጎ ይመዘግበዋል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ጠፍቶ ቀርቷል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በመጀመሪያው ኅትመቱ እጅዎ ላይ ካለ የያዙት ከገንዘብ በላይ ነው። ይህን የሚያነብልን ከራሳችን በቀር ሌላ ሰው የለም። እንግሊዝኛውን ፈረንጁ ያውቀዋል፤ «አንደኛ እትም» ወይስ «ሁለተኛ እትም» የሚለውን፣ የማተሚያ ቤቱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን አንብቦ የሚለየው ግን እርስዎ ነዎት። በዚህ ንግድ ውስጥ ስደተኛ ከአገሬው የሚበልጥበት ቦታ ቢኖር ይኸው ነው።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሱቅዎን ካፒታል አያፍስሱ፤ ተበድረውም አይግዙ። የሚያፈሱት ጊዜዎን ይሁን። ዛሬ ማታ ሱቅ ሲዘጉ ያንን ካርቶን ያውርዱ፤ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከርዕሱ ጀርባ ገልጠው ትንሹን ቁጥር ያንብቡ፤ ጃኬቱን፣ ዋጋውንና የኋላውን ጥግ ይመርምሩ። ከመቶው አንድም ላይገኝ ይችላል። የዚያኑ ዕለት ግን ማንም ሰው የክበብ ቅጂ ይዞ መጥቶ ሦስት መቶ ዶላር ሊወስድብዎ አይችልም።